ነርቮቻችን በምን ይነጋገራሉ? ጸረ ተባይስ ምን ያደርጋቸዋል?



ተረኛ በነበርኩበት አንድ ምሽት አንድ አባት በቃሬዛ ይዘዋቸው መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቧል፣ ጡንቻቸው ይርገበገባል፣ መተንፈስ አቅቷቸዋል። ቤተሰብ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ሲቀባቸው ቆይቷል። ለካ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ማሳ ላይ «መድኃኒት» ሲረጩ ነው የዋሉት። የረጩበት ልብስ ገና ገላቸው ላይ ነበር።

ምን ሆነው ነው? እስኪ ከነርቭ እንጀምር።

በአንድ የነርቭ ሴል ውስጥ መልእክት የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። በሴሉ ጫፍና በሚቀጥለው ሴል መካከል ግን በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። መገናኛው ሲናፕስ ይባላል። እዚህ ሲደርስ ሴሉ ኬሚካል ይለቃል፤ ኬሚካሉ ክፍተቱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ተቀባይ ላይ ያርፋል። መልእክቱ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን ኦቶ ሎዊ በ1921 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ልብ አሳይቷል። የአንዱን ልብ ነርቭ ቀስቅሶ ምቱን አዘገየ፤ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ሌላ ልብ ላይ ሲጨምረው ያኛውም ዘገየ። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን ነበር።

ታዲያ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ አሴቲልኮሊን ቶሎ መወገድ አለበት። አንድ ኢንዛይም ወዲያው ይሰባብረዋል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ጸረ ተባዮች ደግሞ ይህን ኢንዛይም ያስሩታል። አሴቲልኮሊን ይጠራቀማል፤ ትእዛዙ አያባራም። እጢ ያለማቋረጥ ያመነጫል፣ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ ጡንቻ ተርገብግቦ በመጨረሻ ይዝላል። የምንተነፍስበት ጡንቻም ጭምር! መርዙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ይገባል።

እንዲህ ዓይነት ሰው ካያችሁ፦

✅ ልብሱን አውልቁ፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ። እናንተም በባዶ እጅ አትንኩት፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል አጥልቁ።
✅ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የኬሚካሉን ዕቃ ከነጽሑፉ ያዙ።
❌ እንዲያስታውክ አታድርጉ፤ ወተትም አታጠጡት።
❌ ጸረ ተባይ በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጆች ይጠጡታል።

እኚያን አባት አጥበን፣ ኦክስጅን ሰጥተን፣ ሌሊቱን በአትሮፒን አሳደርናቸው። አትሮፒን ተቀባዩን ይዘጋል፤ አሴቲልኮሊን ቢበዛም ሳንባው ይደርቃል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቀናት በኋላ በእግራቸው ወጡ። ያ ልብስ ቀድሞ ቢወልቅ ግን ይህን ያህል ባልተጎዱ ነበር።

የሚረጭ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሩት።