የጥገና መመሪያ አጻጻፍና የቦዝ አንቀጽ አገባብ

ባለፈው ትምህርት አንድ ነገር ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። የዛሬው ትምህርት ደግሞ አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኛው ድርጊት ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል የሚያስረዳውን ጽሑፍ ይመለከታል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ መመሪያ ይባላል። አንባቢው መመሪያን የሚያነበው መሣሪያ በእጁ ይዞ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የሠራው ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ዕቃ ይሰብራል፤ አንዳንድ ጊዜም ጣት ያቃጥላል።

ለምሳሌ እንዲሆን የመረጥነው በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ ትልልቅ ጎማ ያለው የኤሌክትሪክ አሻንጉሊት መኪና ነው። በአገራችን ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርተው በረጅም ዘንግ እየገፉ ሲነዱ ሁላችሁም አይታችኋል። የሽቦው መኪና ሲጣመም በእጅ ማቃናት ይበቃዋል። በሬዲዮ የሚታዘዘው ግን ሞተር፣ ባትሪ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያና የጥርስ ማርሽ ስላለው እንደ ትልቁ መኪና በሥርዓት መጠገን ይኖርበታል። የሐሳቡ መነሻ አዲስ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ዕቃ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ያሳየውም መኪና ሳይሆን ትንሽ ጀልባ ነው።

በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በደልጊ የሚኖር አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ መኪና አለው እንበል። በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ በባሕር ዳር የሚኖረው የአጎቱ ልጅም ተመሳሳይ መኪና ተገዝቶለት፣ «በጭቃ ከነዳሁት በኋላ እንዴት ላጽዳው?» ሲል ጠየቀው። በመካከላቸው ሐይቁ ስላለ በጣት እያመለከቱ ማስረዳት አይቻልም። በስልክ ቢነጋገሩም፣ ንግግሩ ካበቃ በኋላ ካቻቢቴውን የያዘው ልጅ የሚመለከተው የተጻፈውን ነው። የደልጊው ተማሪ የሚከተለውን ጻፈ፤ በጥሞና አንብቡት።

«መኪናው በጭቃ ከተነዳ በኋላ መጽዳት አለበት። ብሎኖቹን ፈትተህ ባትሪውን ንቀል። ጎማዎቹን አጥበህ አድርቅ። ባትሪውን አቀዝቅዘህ ቻርጅ አድርግ። መኪናውን አብርተህ ሪሞቱን አብራ።»

ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ይመስላል። ፊደሉም፣ ሥርዓተ ነጥቡም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በአምስት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ሦስት አደገኛ ስሕተቶች አሉበት፤ ሦስቱም የተደበቁት በቦዝ አንቀጽ ውስጥ ነው።

«ፈትተህ»፣ «አጥበህ»፣ «አብርተህ» የሚሉት ግሦች ብቻቸውን ዐረፍተ ነገር አያስሩም። ማሠሪያ አንቀጽ ይፈልጋሉ። በዚህ ዓይነቱ ዐረፍተ ነገር ቦዙ ቀድሞ የሚፈጸመውን፣ ማሠሪያው ደግሞ ተከትሎ የሚፈጸመውን ድርጊት ይነግራል። «ብሎኖቹን ፈትተህ ባትሪውን ንቀል» ከተባለ አንባቢው ባትሪው እንደ ተሰካ በብረት መሣሪያ ሊሠራ ነው ማለት ነው። ካቻቢቴው የባትሪውን ሁለት ጫፎች በአንድነት ቢነካ ኤሌክትሪኩ በአጭር መንገድ ያልፍና ሽቦው በቅጽበት ይግላል። ሁለቱን ግሦች ብቻ ብናለዋውጣቸው አደጋው ይወገዳል፤ «ባትሪውን ነቅለህ ብሎኖቹን ፍታ።» አንድም ቃል አልጨመርንም።

ሁለተኛው ስሕተት ከሁሉም ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። ቦዝ አንቀጽና ማሠሪያ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ አንድ ባለቤት አላቸው። ተማሪው «ባትሪውን ቀዝቅዘህ ሙላ» ሊል አልቻለም፤ እንዲያ ቢል የሚቀዘቅዘው የአጎቱ ልጅ ይሆናልና። ስለዚህ በግሡ ላይ «አ» ጨመረና «አቀዝቅዘህ» አለ። ሰዋስዉ ተስተካከለ፤ ትርጉሙ ግን ተለወጠ። «ቀዘቀዘ» ነገሩ በራሱ ጊዜ መብረዱን ይገልጻል። «አቀዘቀዘ» ግን አንድ ሰው ሠርቶ ማብረዱን ይናገራል። ታዛዥ አንባቢ ባትሪውን ባልዲ ውስጥ፣ ወይም ሐይቁ ውስጥ ቢነክረው ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ባትሪው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ከሚገኙት ባትሪዎች ብዙዎቹ የሊቲየም ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች እስኪወርድ መንዳት ደግሞ ይጎዳዋል። ከነዱ በኋላ ገና ትኩስ ሳለ መሙላት፣ ወይም ያበጠውን ባትሪ እንደገና መሙላት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር «ባትሪው በራሱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠብቀህ ሙላው» የሚለው ነው። «እስኪ» የሚለው ምዕላድ ለባትሪው የራሱን ባለቤትነት ሰጥቶታል፤ «ጠብቀህ» የሚለው ቦዝ ደግሞ ለአንባቢው የሚገባውን ሥራ ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ስሕተት የማብራቱ ቅደም ተከተል ነው። ሪሞቱ ሳይበራ መኪናው ቢበራ፣ አዛዥ የሌለው መኪና ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዶቹም በራሳቸው ይሮጣሉ። ደልጊ ላይ ደግሞ ወደ ሐይቁ ለመድረስ ሩቅ አይሄድም። ሲበራ ሪሞቱ ይቀድማል፤ ሲጠፋ ግን መኪናው ይቀድማል። «ሪሞቱን አብርተህ መኪናውን አብራ፤ መኪናውን አጥፍተህ ሪሞቱን አጥፋ።» ሁለቱን ሐረጎች አስተያዩአቸው፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

መመሪያው ለማን እንደሚጻፍም አስቀድሞ መወሰን አለበት። አማርኛ ለወንድ «ንቀል»፣ ለሴት «ንቀይ» ስለሚል፣ ለአጎት ልጅ የተጻፈው መመሪያ ለአክስት ልጅ እንዳለ አይሆንም። ለብዙ አንባቢ ሲሆን «ንቀሉ» ማለት ሁሉንም ያቅፋል። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ባትሪው ይነቀላል» በማለት በተደራጊ ግሥ ይጽፋሉ። አጻጻፉ ለሪፖርት ይስማማል፤ ለጥገና ግን ማን እንደሚነቅለው ስለማይናገር ደካማ ነው።

አሁን የታረመውን አንቀጽ አንብቡ።

«መኪናውን ከጭቃ ካወጣችሁ በኋላ መጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ ሪሞቱን አጥፉ። ባትሪውን ነቅላችሁ አርቃችሁ አስቀምጡ። ጭቃው ሳይደርቅ ጎማዎቹን ፈትታችሁ እጠቡ። ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ግን ውሃ ሳታስነኩ በብሩሽ ጥረጉ። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ አሽከርክሩ፤ የሚንቋቋ ቢኖር አጽድታችሁና አድርቃችሁ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉበት። ባትሪው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠብቃችሁ በጡብ ወይም በሸክላ ላይ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ሞልቶ እስክትነቅሉትም ከአጠገቡ አትራቁ።»

«ጭቃው ሳይደርቅ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉ። የ«ሳይደርቅ» ባለቤት ጭቃው፣ የ«እጠቡ» ባለቤት እናንተ ናችሁ። ሁለት ባለቤቶች ቢኖሩም ዐረፍተ ነገሩ አልተፋለሰም። የክረምቱን ዋልካ የሚያውቅ ሰው የሐረጉን ጥቅም ይረዳል፤ ዋልካ ከደረቀ በኋላ በጥርስ ማርሹ መካከል እንደ ድንጋይ ይጠነክራልና።

መኪናን ስለ ማሻሻል ሲጻፍ ደግሞ ከቅደም ተከተል ይልቅ ምክንያትና ውጤት ይበረታል። «ባትሪውን ከ7.4 ቮልት ወደ 11.1 ቮልት ብትለውጠው መኪናው ይፈጥናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቮልቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ የሞተሩ ዙር በዚያው መጠን ለማደግ ይጥራል። ሙቀቱም ይጨምራል፤ የፕላስቲክ ጥርሶች ሊረግፉ ይችላሉ፤ ለባለ ሁለት ክፍል ባትሪ ብቻ የተሠራ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ከሆነም ይቃጠላል። ጎማውን ማተለቅም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ የበለጠ ስለሚደክም በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ጥርስ በትንሽ ጥርስ መተካት ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት መጀመሪያ ሊሻሻል የሚገባው ብዙ ልጆች ከቁም ነገር የማይቈጥሩት ኩሽኔታ ነው። በርካሽ መኪናዎች ውስጥ በኩሽኔታ ፋንታ የፕላስቲክ ቀለበት ይገባል፤ እርሱን በብረት ኩሽኔታ መለወጥ ሰበቃን ይቀንሳል፤ ሌላውን ክፍልም አይጎዳም።

በዚህ ረገድ የአማርኛ አገባብ ለጸሐፊው ይረዳዋል። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሁኔታው ከትእዛዙ ይቀድማል። «የፍጥነት መቆጣጠሪያው 11.1 ቮልት የሚችል ከሆነ ባትሪውን ለውጡ» ሲባል አንባቢው ገደቡን ሳያነብ ወደ ድርጊቱ አይደርስም።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር እንጨምር። ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ፒንሳና ጎማ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ሲሆኑ፣ በጋራዥ ሠራተኞች አፍ ተለምደው የአማርኛ ሆነዋል። በመመሪያ ውስጥ እነዚህን መጠቀም ነውር አይደለም። «ብሎን መፍቻ» ብሎ መጻፍ ቢቻልም፣ ሱቅ የተላከ ልጅ የሚጠይቀው ካቻቢቴ ነው።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ስሕተት የቅደም ተከተል ነው ወይስ የባለቤት? ምክንያታችሁን ገልጻችሁ አርሟቸው።
«ፊውዙን ቀይረህ ቆጣሪውን አጥፋ።»
«ሙጫውን ደርቀህ ጎማውን ግጠም።»
«ሪሞቱን አጥፍተህ መኪናውን አጥፋ።»

ለ. ብስክሌት፣ የውሃ ፓምፕ ወይም በአካባቢያችሁ የሚገኝ ሌላ መሣሪያ ምረጡ። መሣሪያውን አይቶት ለማያውቅ ዘመዳችሁ ከ120 እስከ 150 ቃላት ያለው የጥገና መመሪያ ጻፉ። ከዚያም ለጎረቤታችሁ ተማሪ ሰጥታችሁ፣ እናንተ አንዳች ሳትናገሩ፣ እርሱ የተጻፈውን ብቻ እየተከተለ ሥራውን በእጅ ምልክት ያሳይ። እጁ በቆመበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ያንን ዐረፍተ ነገር እንደገና ጻፉ።