ፍቅረ ቢጽ እና የተለየው ጽዋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ፍቅር ያልተሰበከበት ዐውደ ምሕረት፣ ስለ ምጽዋት ያልተነገረበት በዓል አይገኝም። ሕዝቡም የሰማውን ያህል ባይሆን ይሰጣል፤ በጾም ወራት ለነዳያን ይመጸውታል፤ በየወሩ በዓል ዝክር ይዘክራል፤ ለሙታኑም ተዝካር ያወጣል። ይህን ደግ ልማድ ልንነቅፍ አልተነሣንም። ዳሩ ግን እጅ ሲሰጥ ልብ የት እንደ ቆመ መመርመር የመምህራን ግዴታ ስለ ሆነ፣ በምንኖርበት በካፋ ምድር፣ በዋጫና በዙሪያው ካየነው ነገር ተነሥተን ስለ ፍቅረ ቢጽ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ካፋ ለእንግዳ ደግ የሆነ አገር ነው። እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም፤ ቆጮውም ማሩም ይቀርብለታል። ነገር ግን በዚሁ ደግ አገር ከጥንት ጀምሮ ወደ ማዕድ የማይጠሩ ወገኖች አሉ። «ማንጆ» ይባላሉ። አባቶቻቸው በደን ውስጥ በአደን የሚኖሩ ነበሩ፤ በቀድሞው የካፋ መንግሥት ዘመንም የአገሩን የድንበር በሮች ይጠብቁ እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያም ወዲህ ብዙዎቹ ማገዶ እየለቀሙ፣ ከሰል እያከሰሉ ወደ ገበያ በማውጣት ይተዳደራሉ። የሚናገሩት ቋንቋ ጎረቤታቸው የሚናገረው የካፋ ቋንቋ ነው። ስማቸው የሕዝብ ስም ሆኖ ሳለ በብዙ ሰው አፍ እንደ ስድብ ይነገራል። ወደ ሌላው ሰው ቤት አይገቡም ነበር፤ በአንድ ዕቃ አይበሉም ነበር፤ በሠርግና በልቅሶ ለብቻቸው ከውጭ ተቀምጠው በኮባ ቅጠል ይቀርብላቸው ነበር። ጋብቻማ የማይታሰብ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት የጉሬዛና የዱር እሪያ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነው። ዛሬ ነገሩ እንደ ጥንቱ ጠንካራ አይደለም፤ ነገር ግን አልጠፋም።

የምድራዊው መንግሥት ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣውም የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ የሚፈቅድ ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን በ25ኛው አንቀጽ ጽፎአል። ዳሩ ግን ማንን ከጎናችን አስቀምጠን እንደምንበላ አዋጅ ሊያዝዘን አይችልም። ይህ የወንጌል ሥራ ነው፤ ስለዚህም የሚጠየቁበት በመጀመሪያ እኛ ካህናቱ ነን።

የራሳችንን በደል እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የገጠር አጥቢያ ቀድሰን፣ ከቅዳሴ በኋላ ከምእመናኑ አንዱ ላዘጋጀው የቅዱስ ሚካኤል ዝክር ተጠርተን ሄድን። ጸሎት አድርሰን፣ ዳቦውን ባርከን፣ ከፍ ካለው መቀመጫ ተቀመጥን። በበሩ በኩል ወደ ግቢው ስንመለከት አንድ ሰው በቡናው ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አየን። ከነልጆቹ ተጠምቆአል፤ የቀደመውን መብልም ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው። ድርሻው በኮባ ቅጠል ተደርጎ ቀረበለት፤ ቀጥሎም የባለቤቱ ልጅ ጠላ ይዞ ወጣ። ያ ሕፃን ማሰሮው የሰውዬውን ቅል እንዳይነካ ከፍ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ቀዳለት። ማንም አላስተማረውም፤ ሲደረግ እያየ ለምዶት ነው። እኛም አየን፤ በእጃችን የያዝነውንም ቁራሽ በላን፤ ባለቤቱን መርቀን ወጣን። በመንገድ ላይ አብሮን የነበረው ዲያቆን «የኔታ፣ ጠዋት ደሙን ያቀበልሁት ያ ሰው አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልስለት አጣን።

እውነት ነው፤ በዚያ ጠዋት ባለ ዝክሩም ያም ሰው ቆርበው ነበር። በአንድ ዕርፈ መስቀል ከአንድ ጽዋ የአምላክን ደም የተቀበሉ ሁለት ሰዎች፣ ፀሐይ ከራስ ሳታልፍ የገብስ ጠላ በአንድ ዕቃ ሊጠጡ አልቻሉም። ከሁለቱ ጽዋዎች የትኛውን እንደምንፈራ በዚህ ይታወቃል።

ስለ መብሉ የሚነሣውን ክርክር በአጭሩ እንለፈው። ቤተ ክርስቲያናችን የሚበላውንና የማይበላውን ለይታ የምትጠብቅ ናት፤ ይህን ሥርዓት እንሽር የሚል በመካከላችን የለም። ነገር ግን መብልን መተው ሌላ፣ ሰውን መተው ሌላ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ የእንስሳትና የአራዊት ምልዓት ያለበት ታላቅ ሸማ ሦስት ጊዜ ሲወርድ አይቶአል፤ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በገባ ጊዜም ራእዩን የተረጐመው ስለ ሰው እንጂ ስለ ሥጋ አልነበረም፤ ማንንም ሰው ርኩስ ነው እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው ተናገረ (የሐዋ. ሥራ 10)። ደግሞም ያ በቡናው ዛፍ ሥር የተቀመጠው ሰው መብሉን ከተወ ቆይቶአል። ሥጋውን ሲተው ስሙ አልለቀቀውም፤ እንግዲያስ ምክንያቱ ድሮም ሥጋው አልነበረም።

ይልቁንም ልብ ልንለው የሚገባ ይህ ነው፤ ያው ጴጥሮስ፣ ራእዩን ያየው፣ የቆርኔሌዎስን ቤት የረገጠው፣ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ከማዕዱ አፈገፈገ፤ ቅዱስ ጳውሎስም በፊቱ ተቃወመው (ገላ. 2)። ጴጥሮስ ትምህርት ጎድሎት አልነበረም፤ ራእይም አልጎደለውም። የፈራው የወገኖቹን ዐይን ነው። በዚያ ዝክር እኛን ያስቀመጠን ይኸው ፍርሃት ነበረ። ያን ሰው ግባ ብንል ዳቦው አይጎድልም፤ የሚጎድለው በጎረቤት ዘንድ ያለን ክብር ነው። ምጽዋት ከጎተራ ይወጣል፤ ጎተራውም በሚመጣው መኸር ይሞላል። ክብሩን ስለ ወንድሙ ያጎደለ ሰው ግን መልሶ የሚያገኝበትን ቀን አያውቅም፤ ራሱን ሳይወድ ባልንጀራውን ወደደ የሚባለውም ይህን ጊዜ ነው።

ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ለድኆችና ለሕሙማን ማረፊያ አሠርቶ ነበር። የሕንጻው ትልቅነት ተነግሮለታል፤ ነገር ግን ወዳጁ ጎርጎርዮስ ስለ እርሱ ሲመሰክር ከሕንጻው ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር ይነግረናል፤ ይኸውም የባለጸጋ ልጅ የሆነው ሊቀ ጳጳስ ለምጻሞችን እንደ ወንድም ይስማቸው ነበር። ገንዘብ ሰጥቶ ከሩቅ ቢቆም ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር። በእኛም አገር የካቲት 16 ቀን በደረሰ ጊዜ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነበባል። እኛ ሁላችን ከዚያ ታሪክ የቃል ኪዳኑን ተስፋ እንይዛለን፤ መልካምም እናደርጋለን። ዳሩ ግን ጥርኝ ውኃውን ማን እንደ ተቀበለ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ሰውነቱ በቍስል የተመታ፣ ሰው የሚጸየፈው ድኃ ነበር።

አሁን ደግሞ ከዚህ የሚከብደውን እንጨምር። መስጠት፣ ከጎን አስቀምጦ እንኳ መስጠት፣ የሰጪውን ከፍታ ሙሉ በሙሉ አያወርደውም። ጌታችን በሲካር ጕድጓድ አጠገብ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር በተገናኘ ጊዜ የሕይወትን ውኃ ሊሰጣት የመጣ እርሱ፣ አስቀድሞ ውኃ አጠጪኝ ብሎ ለመናት (ዮሐ. 4)። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በዕቃ እንኳ እንደማይተባበሩ ታውቅ ነበርና ተገረመች። እርሱ ግን መቅጃ የሌለው ሆኖ የእርስዋን ማድጋ ፈለገ። ይህ ነገር ለካህናት ሁሉ ትምህርት ሊሆን ይገባው ነበር፤ እኛ ግን በተጸየፍነው ሰው ቤት ውኃ ለምነን የጠጣንበትን ቀን ብንቈጥር ስንት ይወጣ ይሆን?

በዚያች አጥቢያ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ተናግረን እናብቃ። የዲያቆኑ ጥያቄ እንቅልፍ ስለ ነሣን በሚቀጥለው ወር በዐውደ ምሕረቱ ላይ በደላችንን ተናዘዝን፤ ስለ አንጾኪያውም ማዕድ አስተማርን። ሕዝቡ ዝም ብሎ ሰማ። ከጽዋ ማኅበሩ አባላት አንዲት ባልቴት ግን ተራዋ በደረሰ ጊዜ ያን ሰው ከነሚስቱ ጠራች። ሰውዬው ደጃፍ ላይ ቆሞ እንቢ አለ፤ ከኛ ይልቅ እርሱ ፈርቶ ነበር፤ የዘመናት ልማድ በተገፋውም ላይ ያድራልና። እርስዋ እጁን ይዛ አስገባችው፤ ጽዋውም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደረሰው። «እማማ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለው አልፈሩም?» ብለን ብንጠይቃት «አባታችን፣ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ ልኵራ?» ብላ ሣቀች።

ነገሩ ያለ ኪሣራ አልተፈጸመም። ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሩ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ባልቴቲቱንም ሰላም አይላትም። የማኅበሩ ሙሴ እጅግ ተጨነቀ፤ ማኅበሩ እንዳይፈርስ ነገሩን ለጊዜው እንድንተወው ለመነን። እኛም ያልነው፣ ወንድም ከውጭ ሲቀመጥ ማኅበሩ ቀድሞውኑ ፈርሶ እንደ ነበር ነው። ሰውዬው አሁን ሙሉ ማኅበርተኛ ነው፤ ጽዋውንም ተቀብሎ ወደ ቤቱ ወስዶአል። ስለዚህ በሚመጣው ወር የመደገሱ ተራ የእርሱ ነው። ሚስቱ ጌሾ እየወቀጠች መሆኑን ሰምተናል። ወደዚያ ቤት ገብቶ፣ በዚያ ዕቃ ተቀድቶለት የሚጠጣው ማን እንደ ሆነ ገና አልታወቀም፤ ባልቴቲቱ እንደምትሄድ ነግራናለች፤ ጸበል ጸዲቁን እንድንባርክም እኛ ተጠርተናል።