ቤት ሆኖ ለሚሠራ፦ ሄድፎን የሚያጠፋው ድምፅና የማያጠፋው

ኖይዝ ካንሰሊንግ ሄድፎን ገዝተው ‹‹ገንዘቤን ውሃ በላው›› ከሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያማርሩት በአንድ ነገር ነው፦ የሰው ወሬ አሁንም ይሰማቸዋል። ሄድፎኑ ግን አልተበላሸም። መጀመሪያውኑም ለወሬ አልተሠራም። አማር ቦዝ የተባሉት የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበሩ የሞተሩ ድምፅ ሙዚቃ አላሰማ ስላላቸው ስሌቱን እዚያው መቀመጫቸው ላይ ጀመሩት። ኩባንያቸው በ1989 ለፓይለቶች፣ በ2000 ደግሞ ለተራው ተጠቃሚ ሄድፎን አቀረበ። የታለመው እንግዲህ ሳያቋርጥ ለሚያጉረመርም ሞተር ነው፤ ሳሎን ውስጥ በስልክ ለምታወራ አክስት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከሱቅ አይጀምርም።

1. ቤትዎን ያድምጡ

በሚሠሩበት ሰዓት፣ በሚሠሩበት ወንበር ላይ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጡ። የሚረብሽዎትን ድምፅ ሁሉ ይጻፉና በሦስት ይክፈሉት። አንደኛው ጉምጉምታ ነው፦ ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ የጎረቤት ጄነሬተር፣ ከሩቅ የሚሰማ የመኪና መንገድ። ሁለተኛው ወሬ ነው፦ ቴሌቪዥን፣ የልጆች ጨዋታ፣ የቁራሌው ጥሪ። ሦስተኛው ድንገተኛ ነው፦ ሙቀጫ፣ የብረት በር፣ የውሻ ጩኸት፣ የሚወድቅ ሰሃን።

ለምን ሦስት? ሄድፎኑ ላይ ያሉ ትንንሽ ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ፤ ውስጡ ያለው ቺፕ የዚያን ድምፅ ሞገድ ገልብጦ በስፒከሩ ይለቀዋል፤ ሁለቱ ጆሮ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ይህ በደንብ የሚሳካው ሞገዱ ረጅምና ተደጋጋሚ ሲሆን ነው። 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የተለመደ ትንሽ ጄነሬተር ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ደግሞም ከአሁን በኋላ ምን እንደሚመጣ ያስታውቃል። ቺፑ በቀላሉ ይደርስበታል። ከ1000 ኸርዝ ገደማ በላይ ግን ሞገዱ እያጠረ ስለሚሄድ ማሽኑ መከተል ያቅተዋል። ቃልን ከቃል እንድንለይ የሚያደርጉን እንደ ‹ስ›፣ ‹ሽ› እና ‹ፍ› ያሉ ድምፆች ደግሞ ባብዛኛው ከዚያ በላይ ናቸው። እንዲያውም ጉምጉምታው ሲጠፋ ተሸፍኖ የነበረው ወሬ ከበፊቱ ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል።

ወረቀትዎ ላይ የበዛው ጉምጉምታ ከሆነ ሄድፎኑ ያዋጣዎታል። ወሬ ከበዛ ማሽኑ የሚሠራው የሥራውን ከፊል ነው፤ ቀሪው በቁጥር 3፣ 4 እና 6 ላይ ነው። የበዛው ሙቀጫ ከሆነ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩና መጀመሪያ ቁጥር 6ን ያንብቡ።

2. ሲገዙ ጆሮዎን እንጂ ካርቶኑን አይመኑ

ካርቶኑ ላይ ‹‹ኤ ኤን ሲ›› እና ‹‹ኢ ኤን ሲ›› የሚባሉ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ጽሑፎች ያገኛሉ። እርስዎ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው የማይክሮፎን ነገር ነው፤ በስልክ ሲያወሩ ዙሪያዎ ያለው ጫጫታ ወደ ሰሚው እንዳይሄድ ይቀንሳል እንጂ ለእርስዎ ጆሮ የሚያደርገው ነገር የለም። ርካሽ ማዳመጫዎች ላይ ‹‹ኖይዝ ካንሰሊንግ›› ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ሻጩም ላያውቀው ይችላል።

ሱቁ ውስጥ ሙዚቃ ሲከፍቱልዎ እምቢ ይበሉ። ያለ ሙዚቃ ጆሮዎ ላይ ያድርጉት፣ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ጄነሬተሩ ጠጋ ይበሉ፣ ከዚያ ቁልፉን ያብሩና ያጥፉ። ልዩነቱ ወዲያው የሚሰማ መሆን አለበት። ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ሲበራ ‹‹ሽሽሽ›› የሚል ድምፅ ብቻ ከጨመረ፣ ‹‹ማስተር ኮፒ ነው፣ ከኦሪጅናሉ አይለይም›› የሚለውን ወሬ ለሌላ ገዢ ይተዉለት። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት ለረጅም ሥራ ይመቻል፣ ባትሪውም ይበረክታል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ለሞቃት አገርና መነጽር ለሚያደርግ ይሻላል።

3. ክፍተቱን ይዝጉ

ጆሮዎና የሄድፎኑ ትራስ (ጆሮ ላይ የሚያርፈው ለስላሳ ክፍል) መካከል ትንሽ ቀዳዳ ካለ ወፍራሙ ድምፅ በእሱ ይገባል፣ ማሽኑም በከንቱ ይደክማል። ጥፋተኞቹ የታወቁ ናቸው፦ የመነጽር ዘንግ፣ ሹሩባ፣ ሻሽ፣ ኮፍያ፣ ትልቅ የጆሮ ጌጥ። ሻሹን ከጆሮ ኋላ አድርጎ ማሰር ወይም ሄድፎኑን ከሥሩ ማስገባት ይበቃል። ለመነጽር ቀጭን ዘንግ ይረዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፍሪጁ ሲያጉረመርም አጠገቡ ይቁሙ፣ ሄድፎኑን ያብሩ፣ ሁለቱን ትራሶች በእጅዎ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዎ ይጫኑ። ሲጫኑ ድምፁ ከቀነሰ ክፍተት አለ ማለት ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ከካርቶኑ ጋር የመጡትን ትንሽና ትልቅ ጎማዎች ሁሉ ይሞክሯቸው። ብዙ ሰው የተገጠመውን ብቻ ተጠቅሞ ሌሎቹን ይጥላል፤ ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ ልክ ሊፈልጉ ይችላሉ።

4. ወሬውን በሌላ ድምፅ ይሸፍኑ

ኖይዝ ካንሰሊንጉን ብቻውን ያብሩና ትንሽ ይቆዩ። አሁንም ወሬ ከተሰማዎት የዝናብ ድምፅ፣ የወራጅ ውሃ ወይም ‹‹ብራውን ኖይዝ›› የሚባለውን ወፍራም ሽውታ ከስልክዎ ይክፈቱ። ከዜሮ ጀምረው ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት፤ ሰው እያወራ እንደሆነ እየሰሙ ምን እንደሚል መለየት ሲያቅትዎ እዚያ ላይ ያቁሙ። ሐሳብን የሚሰርቀው የሚገባን ቃል ነውና ከዚያ በላይ መጨመር አያስፈልግም።

በዚሁ ምክንያት በሚጽፉበት ቋንቋ የተዘፈነ ዘፈን አይመከርም። ክራር፣ ዋሽንት፣ ፒያኖ ይሻላል። የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች የሚመክሩ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን እነሱ ሥራ አስፈትተው ራሳቸውን የሚያስደምጡ ናቸው።

የድምፁ መጠን ነገር ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 90 ዴሲቤል ከደረሰ 4 ሰዓት ብቻ። ቀኑን ሙሉ ሄድፎን አድርጎ የሚውል ሰው ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። የኖይዝ ካንሰሊንግ ትልቁ ጥቅም፣ ማስታወቂያው ብዙም ባይናገረውም፣ ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ማስቻሉ ነው።

ቤቱ በጣም የሚጮህ ከሆነ ለግንባታ ሠራተኞች የሚሸጠውን የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ከሥር አድርገው ሄድፎኑን ከላይ ይደርቡ። መድፈኛው ማሽኑ የማይችለውን ቀጭን ድምፅ ይይዛል። በጣትዎ እየጠቀለሉ ያቅጥኑት፣ በሌላው እጅ ጆሮዎን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ያስገቡት፣ እስኪነፋ ይያዙት።

5. ስብሰባ ላይ

ለእርስዎ ጸጥ ስላለ ለሌላው ጸጥ አላለም። ዶሮው ሲጮህ እርስዎ ባይሰሙም አለቃዎ ይሰማል። በዚያ ላይ የብሉቱዝ ሄድፎን ማይክ ሲከፈት የሚሰሙትም ድምፅ ጥራት ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ሄድፎኑን ለመስሚያ ብቻ ይጠቀሙና በስብሰባው ቅንብር ውስጥ የላፕቶፑን ማይክ ይምረጡ፤ በማይናገሩበት ጊዜ ይዝጉት። ጆሮው የተደፈነ ሰው ሳያውቀው ስለሚጮህም የውጭ ድምፅ የሚያስገባውን ምርጫ ያብሩ።

6. ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ይስማሙ

ማሽን የማይደርስበት ሁሉ እዚህ ይወድቃል። መጀመሪያ ምልክት ይወስኑ፦ ሄድፎኑ አንገት ላይ ከሆነ መጥራት ይቻላል፣ ጆሮ ላይ ከሆነ እሳት ካልተነሳ በቀር ይጠበቃል። ልጆች ይህን ከአዋቂ ፈጥነው ይለምዱታል። ለእናትና ለአባት፣ ለእንግዳም ግን ምልክቱ አይሠራም። ታላቅ ሰው ሲገባ ሄድፎኑ ከጭንቅላት ይወርዳል፤ አንዱን ጆሮ ገለጥ አድርጎ ‹‹አቤት›› ማለት ከመጮህ የባሰ ንቀት ሆኖ ይታያል።

ወጥ ጥደው፣ ወይም ከሕፃን ጋር ብቻዎን ሆነው፣ ማሽኑን አያብሩ። በር የሚያንኳኳ ካለም ስልክ እንዲደውል አስቀድመው ይንገሩ፤ ስልክዎ ደግሞ በንዝረት ጠረጴዛው ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ሙቀጫው። ከላይ ቤት የሚወቀጠው በርበሬ የሚመጣው በአየር ብቻ አይደለም፤ ወለሉንና ግድግዳውን አንቀጥቅጦ ነው፤ ስለዚህም የትኛውም ሄድፎን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መድኃኒቱ ከሙቀጫው ሥር ነው፦ ወፍራም የጎማ ቁራጭ፣ ወይም ብዙ ጊዜ የታጠፈ አሮጌ ምንጣፍ። ጎማውን ራስዎ ገዝተው፣ ቡና ላይ፣ ‹‹እትዬ፣ ይሄን ከሥሩ ቢያደርጉልኝ›› ብለው ይስጡ። ሰዓቱንም በዚያው ይጠይቁ። አብዛኛው ሰው ከሥሩ ባለው ቤት ሰው ቀን እንደሚሠራ ጨርሶ አያውቅም። በኃይል ለሚዘጋ በርና ለሚጎተት ወንበርም ይኸው ነው፦ በሩ ጠርዝ ላይ ስፖንጅ፣ ወንበሩ እግር ላይ ጨርቅ።

7. መብራት ሳይጠፋ

ጄነሬተሩ የሚጮኸው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ሄድፎኑ በጣም የሚያስፈልግዎትም፣ ቻርጅ ማድረግ የማይችሉትም ያኔ ነው። ማታ ማታ ቻርጅ የማድረግ ልማድ ይያዙ፤ ሁልጊዜ እስከ ዜሮ ማውረድ ደግሞ ባትሪውን ያስረጀዋል። ገመድ የሚቀበል ከሆነ ገመዱን አይጣሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ በብዙዎቹ ሙዚቃው ይቀጥላል፣ ድምፅ ማጥፋቱ ግን ይቆማል።

በየሰዓቱ አውልቀው ጆሮዎን ያናፍሱ። ማሽኑ ሲበራ አውሮፕላን ላይ እንዳሉ ጆሮ ድፍን የሚልባቸው ሰዎች አሉ፤ መጠኑን ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ ካለው እሱን ይጠቀሙ። ትራሱን በደረቅ ወይም በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ላብና የፀጉር ቅባት ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ከተሰነጠቀ በኋላ ክፍተት ስለሚፈጠር ማሽኑ የደከመ ይመስላል፣ ሰውም አዲስ ሊገዛ ይነሳል። የሚቀየረው ግን ትራሱ ብቻ ነው።