የምርመራ ውጤት እንደ ልኬት፦ ከመገጣጠሚያ ብግነት ጋር ለሚኖር ሰው

ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገቡ ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት፣ ማንኛውም ልኬት ከስህተት ወሰኑ ጋር ካልተጻፈ ሙሉ ትርጉም እንደማይኖረው ነው። የአንድ ዘንግ ርዝመት 25.0 ሴንቲሜትር ነው ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በ0.1 ሴንቲሜትር ሊበልጥ ወይም ሊያንስ እንደሚችል አብሮ መገለጽ አለበት። ይህን ትምህርት ለዓመታት ሳስተምር የኖርሁ ብሆንም፣ የራሴ ደም ተመርምሮ ውጤቱ በእጄ በገባ ጊዜ ግን ፈጽሞ ዘንግቼው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን የተዘነጋ ትምህርት የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው አንባብያንና ለቤተሰቦቻቸው ማካፈል ነው።

ነገሩ የጀመረው በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናቴን በማጠናቅቅበት ወቅት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ድርቅ ስለሚሉ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እስኪያቅተኝ ድረስ እቸገር ነበር፤ እስኪፍታቱም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባቸው ነበር። ሩማቶይድ ፋክተር የተባለው የደም ምርመራ ተደረገልኝና ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆነ። እኔም በሽታው የለብኝም ብዬ ስድስት ወር ቆየሁ። በኋላ አንዲት ሐኪም የእጆቼን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ዳስሳ፣ ሌላም ምርመራ ጨምራ ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑን ነገረችኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰደውን ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ጀምሬም ተሻለኝ። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ የኢ.ኤስ.አር ውጤቴ «ኖርማል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ማንንም ሳላማክር መድኃኒቱን አቋረጥሁ። ሕመሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ የግራ እጄ የቀለበት ጣት ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በሁለቱም ጊዜያት ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ፤ ወረቀቱ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንደመለሰ አድርጌ አንብቤዋለሁና።

ሪህ፣ ቁርጥማትና ሌሎች ስሞች

በአገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ብዙውን ጊዜ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» በሚል አንድ ስም ይጠራል። በሕክምና ግን የመገጣጠሚያ በሽታዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱን ብንወስድ፣ ኦስቲዮአርትራይተስ በአመዛኙ ከዕድሜና ከጫና ጋር የተያያዘ ሲሆን የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነውን ልስልስ ሽፋን ይጎዳል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በገዛ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ሲነሣ የሚከሰት ነው። ጋውት ደግሞ የዩሪክ አሲድ ጨው በመገጣጠሚያ ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። ለሦስቱም የሚሰጠው ሕክምና የተለያየ ነው። ስለዚህ «የሪህ ምርመራ» የሚባል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚለይ የደም ምርመራ የለም።

ፖዘቲቭ ማለት ምን ማለት ነው?

ሩማቶይድ ፋክተር የሰውነትን የራሱን ፀረ እንግዳ አካላት ዒላማ የሚያደርግ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በኖርዌይ ኤሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1940፣ በአሜሪካም ሃሪ ሮዝና ባልደረቦቹ በ1948 ገልጸውታል። ሆኖም ይህ ንጥረ ነገር በሽታው በሌለባቸው ሰዎች ደም ውስጥም ይገኛል። በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ፣ እንደ ሄፓታይተስ ሲና ሳንባ ነቀርሳ ያሉ ሥር የሰደዱ ተላላፊ በሽታዎች በያዟቸው ሰዎች ላይ ሊታይ ይችላል።

በርካታ ጥናቶችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበ አንድ ትንተና፣ ምርመራው በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 69ኙን ፖዘቲቭ እንደሚያደርግ፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 85ቱን ኔጌቲቭ እንደሚያደርግ ያሳያል። አሁን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ጥቂት እናስላ።

በዘፈቀደ የተመረጡ 1,000 አዋቂዎች ቢመረመሩና ከእነርሱም 10 ያህሉ በሽታው ቢኖርባቸው፣ ከ10ሩ 7ቱ ገደማ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በሽታው ከሌለባቸው 990 ሰዎችም 15 ከመቶው፣ ማለትም ወደ 149 የሚጠጉት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በጠቅላላው 156 ፖዘቲቭ ወረቀቶች ሲወጡ፣ በእርግጥ በሽተኛ የሆኑት 7 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም።

ያው ምርመራ፣ ያው መሣሪያና ያው ባለሙያ እንዳሉ ሆነው የተመርማሪዎቹን ዓይነት እንቀይር። ጣቶቻቸው ያበጡና ጠዋት ጠዋት የሚደርቁ፣ ሐኪሙም ከመቶ 50ው በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ብሎ የሚገምታቸው 1,000 ሰዎች ቢሆኑስ? ከ500ዎቹ በሽተኞች 345ቱ፣ ከቀሩት 500 ደግሞ 75ቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ስለዚህ ከ420 ፖዘቲቭ ወረቀቶች 345ቱ፣ ማለትም ከመቶ 82 ያህሉ እውነተኛ ናቸው። ኔጌቲቭ ከሆኑት 580 ሰዎች መካከልም 155ቱ በሽታው አለባቸው። እኔ በስድስቱ ወራት ውስጥ ከእነዚህ 155ቱ እንደ አንዱ ነበርሁ።

እንግዲህ የአንድ ምርመራ ትርጉም በወረቀቱ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ምርመራው ከመታዘዙ በፊት በነበረው ዕድል ላይም የተመሠረተ ነው። አንቲ-ሲ.ሲ.ፒ የተባለው ሌላ ምርመራ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ በዚያው ትንተና መሠረት በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች 95ቱን ኔጌቲቭ ያደርጋል። ነገር ግን በሽታው ካለባቸው የሚያገኘው 67ቱን ብቻ ስለሆነ፣ እርሱም ቢሆን ብቻውን ፈራጅ አይሆንም።

የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት መመደቢያ ይህንኑ ያንጸባርቃል። መመደቢያው በዋናነት ለምርምር የተዘጋጀ ሲሆን፣ በቅድሚያ ቢያንስ አንድ በእርግጥ ያበጠ መገጣጠሚያ መኖሩን ይጠይቃል። ከዚያም ከ10 ነጥብ 6 ያገኘ ሰው ሩማቶይድ አርትራይተስ እንዳለበት ይመደባል። ለተጎዱት መገጣጠሚያዎች ብዛትና ዓይነት እስከ 5፣ ለሁለቱ ፀረ እንግዳ አካላት እስከ 3፣ ለብግነት አመልካቾች 1፣ ሕመሙ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለመቆየቱ 1 ነጥብ ይሰጣል። አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው፣ የደም ምርመራዎች በሙሉ ቢደመሩ 4 ነጥብ ብቻ መሆናቸውን ነው። ደም ብቻውን 6 አይሞላም።

ዝቃጭን የሚለካው ምርመራ

ኢ.ኤስ.አር በጣም ቀላልና ለፊዚክስ ሰው እጅግ የሚማርክ ምርመራ ነው። እንዳይረጋ የተደረገ ደም በቀጭን ቱቦ ቀጥ ተደርጎ ይቆምና፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደዘቀጡ ይነበባል። ሮበርት ፎሬየስና አልፍ ቬስተርግሬን የተባሉ ስዊድናውያን ዘዴውን ያዳበሩት ከ100 ዓመት በፊት ነው።

ከስቶክስ ሕግ እንደምናውቀው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚዘቅጥ ቅንጣት ፍጥነቱ ከሬዲየሱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፤ ሬዲየሱ በእጥፍ ቢያድግ ፍጥነቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል። ብግነት ሲኖር በደም ውስጥ ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ስለሚበዛ ሕዋሳቱ እንደ ተደረደሩ ሳንቲሞች ይጣበቃሉ፤ ጥቅሉም ከነጠላው ሕዋስ ፈጥኖ ይወርዳል። ከዚህ እንደምንረዳው ኢ.ኤስ.አር በሽታን በስሙ አይለይም፤ የሚለካው የመዝቀጥን ፍጥነት ነው። የደም ማነስ፣ እርግዝና፣ ዕድሜና ማንኛውም ተላላፊ በሽታ ሊያፋጥኑት ይችላሉ። ቱቦው ጥቂት ቢያዘነብል እንኳ ሕዋሳቱ ፈጥነው ይወርዳሉ፤ ይህን ክስተት አርተር ቦይኮት እ.ኤ.አ. በ1920 አስተውሎታል። በሌላ በኩል መገጣጠሚያዎቻቸው እያበጡ ኢ.ኤስ.አራቸው ኖርማል የሆነ ሕሙማን አሉ።

የ66 ዓመቷ አክስቴ አንድ ቀን ወረቀታቸውን ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ ይህ ቀይ ምልክት ምን ይላል?» አሉኝ። ኢ.ኤስ.አራቸው 32 ስለነበረ «ከፍተኛ» ተብሎ ተጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በቀረበ ቀላል ቀመር መሠረት የላይኛው ወሰን ለወንድ የዕድሜው ግማሽ፣ ለሴት ደግሞ ዕድሜዋ ላይ 10 ተደምሮ ግማሹ ነው። ለአክስቴ ይህ 38 ይሆናል፤ 32 ከዚያ በታች ነው። ስሌቱን ብነግራቸውም ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱ ለመንኋቸው፤ ሐኪሙም ጉልበታቸውን መርምሮ ኦስቲዮአርትራይተስ መሆኑን አረጋገጠላቸው። ለወራት እንቅልፍ የነሣቸው ጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን ያ ቀይ ምልክትም ነበር።

ሲ.አር.ፒ እና የመለኪያ አሃድ

ሌላው የብግነት አመልካች ሲ.አር.ፒ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘ ፕሮቲን ነው። ብግነት በተነሣ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ መመረቱ ሲቆም ደግሞ በደም ውስጥ ያለው መጠን በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ኢ.ኤስ.አር ግን ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ከጉንፋን ያገገመ ሰው ሲ.አር.ፒው ዝቅ ብሎ ኢ.ኤስ.አሩ ከፍ ቢል፣ ሁለቱ ሰዓቶች የተለያየ ፍጥነት ስላላቸው እንጂ አንዱ ስለዋሸ አይደለም።

አሃድም መዘንጋት የለበትም። አንዳንዱ ላቦራቶሪ ሲ.አር.ፒን በሚሊግራም በሊትር፣ ሌላው በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋል። 0.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና 8 ሚሊግራም በሊትር አንድ ናቸው። አሃዱን ሳያነብ ቁጥሩን ብቻ የሚያነጻጽር ሰው፣ በሽታው በአሥር እጥፍ የጨመረበት ሊመስለው ይችላል።

ስለ ስም መመሳሰልም አንድ ነገር ላንሣ። ኤ.ኤስ.ኦ የተባለው ምርመራ በቅርቡ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ መያዝን የሚያመለክት ነው። ልብን ሊጎዳ የሚችለውንና በተለይ ሕፃናትን የሚያጠቃውን የሩማቲክ ትኩሳት ለመመርመር ይረዳል። «ሩማቲክ» እና «ሩማቶይድ» በስም ይቀራረቡ እንጂ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ብርሃን የሚመሰክርበት ምርመራ

ጋውትን በተመለከተም ተመሳሳይ ግራ መጋባት አለ። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ብዙ ሰዎች ጋውት አይይዛቸውም፤ በሌላ በኩል ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የደሙ ዩሪክ አሲድ ኖርማል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መፍትሔ የሰጠው የብርሃን ትምህርት ነው። ዳንኤል ማካርቲና ጆሴፍ ሆላንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ከመገጣጠሚያ የተቀዳን ፈሳሽ በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም ንዝረቱ በአንድ አቅጣጫ በተወሰነ ብርሃን አዩት። መርፌ የሚመስሉት የዩሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎች በጨለማው መደብ ላይ አበሩ። ይህ ምርመራ ጠንካራ የሆነው የበሽታውን መንስኤ በራሱ፣ በታመመው መገጣጠሚያ ውስጥ ስለሚያሳይ ነው። የደሙ ቁጥር ግን ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ነው።

ምን እናድርግ?

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት ለአንባብያን የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

1. ወረቀቶችን ሁሉ ከነቀናቸው በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ፣ የሚቻል ከሆነም ክትትሉን በአንድ ላቦራቶሪ ማድረግ። ከአንድ ነጥብ ይልቅ ብዙ ነጥቦች የሚሠሩት መስመር የበለጠ ይናገራል።

2. ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን አሃድና ወሰን ማንበብ። ወሰኑ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጤነኞች ከሆኑ 100 ሰዎች 95ቱን እንዲያካትት ተደርጎ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች የተደረጉለት ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንዱ ከወሰን የመውጣት ዕድሉ ከመቶ 64 ነው።

3. ጠዋት መገጣጠሚያ ለስንት ደቂቃ እንደደረቀና የትኞቹ እንዳበጡ በደብተር መመዝገብ። ይህም ልኬት ነው፤ ሐኪሙም ይፈልገዋል።

4. ከምርመራው በፊት የነበረን ጉንፋን፣ ቁስል፣ እርግዝና ወይም የደም ማነስ ለሐኪም መናገር።

5. ምርመራ ሲታዘዝ «ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን ምን እናደርጋለን? ኔጌቲቭ ቢሆንስ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ።

6. በአንድ ወረቀት ተመርቶ መድኃኒት አለመጀመርም፣ አለማቋረጥም። መድኃኒቱ ጉበትንና የደም ሕዋሳትን እንዳይጎዳ ለመቆጣጠር የሚታዘዙት ምርመራዎች ግን የሚመልሱት ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ሊታለፉ አይገባም።

ዛሬም በየጊዜው ደሜን እመረመራለሁ፤ መድኃኒቴንም በሐኪም ክትትል እወስዳለሁ። ውጤቱ ሲመጣ አስቀድሜ የማየው ግን እጄን ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱንና ደብተሬን ይዤ ወደ ሐኪሜ እሄዳለሁ። ተማሪዎቼም ስለ ስህተት ወሰን ሳስተምር ያልተዘረጋውን ጣቴን አይተው ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ከላይ የጻፍሁትን እነግራቸዋለሁ።