ለቮልስ የሚገጥመው የትኛው አሞርዛተር ነው?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ጉድጓድ ካለፈች በኋላ ቶሎ አትረጋም፤ ከፊትም ዝቅ ብላለች። ምን ዓይነት አሞርዛተር ልግዛ?

መልስ፦ ሁለቱን ችግሮች ለይተው ይዩዋቸው። አለመርጋቷ የደከመ አሞርዛተር ምልክት ነው። የፊቷን ክብደት የሚሸከሙት ግን በሁለቱ አግድም ቱቦዎች ውስጥ ያሉት፣ እየተጠማዘዙ እንደ ሞላ የሚሠሩት ብረቶች ናቸው። ዝቅ ማለቷን አዲስ አሞርዛተር አያስተካክለውም፤ መካኒክ ብረቶቹን ይመርምር።

ከ1966 ሞዴል ጀምሮ የቮልስ የፊት እግር ተለውጧል። የቀድሞው የፊት አሞርዛተር በሁለቱም ጫፍ ቀለበት አለው፤ የእርስዎ ግን ከላይ በብሎን የሚታሰር ነው። የ1302 እና የ1303 ሞዴሎችም ፈጽሞ ይለያሉ። ስለዚህ አሮጌውን አስፈትተው የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይዘውት ይሂዱ፤ ጫፎቹን፣ ተጨምቆና ተዘርግቶ ያለውንም ርዝመት ያስተያዩ።

ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው፤ ጋዝ ያለበት አሞርዛተር ጠንክሮ ያንገጫግጫል። የጥንት ምቾቷን ከፈለጉ በዘይት ብቻ የሚሠራውን ይምረጡ። ከመገጠሙ በፊት ቀጥ አድርገው አቁመው ደጋግመው ይጫኑት፣ ይሳቡት። ከዚያ በኋላም መሃል ላይ ያለ ተቃውሞ የሚያልፍ ወይም ዘይት የሚያወጣ ከሆነ ይመልሱት። ግራና ቀኙን ሁልጊዜ አብረው ይለውጡ፤ አንዱ ብቻ ከታደሰ ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ሚዛኗን ልትስት ትችላለች።