ጐረቤት ሕዝቦች ለልማት አብረው መሥራት ይችላሉን?

በወሰን፣ በግጦሽ ወይም በውሃ ምክንያት የተቀያየሙ ጐረቤታሞች ሰላማቸው ፍጹም እስኪሆን ልማታቸውን ማቆየት አለባቸውን? ወይስ በጋራ ሥራ ወደ ሰላም መድረስ ይችላሉ? በላይኛው ተዳፋት እርከን ካልተሠራ የታችኛው እርሻ በጎርፍ ይጠረጋል። አንዱ ቀበሌ ከብቱን አስከትቦ ሌላው ቢቀር፣ በሽታው ወሰን አያከብርም። ስለዚህ ጥያቄው የሁላችንም ነው።

1. ከቅዱስ መጽሐፍ

ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ነው ብለን የምናልፈው የነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ታላቅ ትምህርት ይዟል። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያደሱት የከተማይቱ ነዋሪዎች ብቻ አልነበሩም። ከኢያሪኮ፣ ከቴቁሐ፣ ከገባዖንና ከምጽጳ የመጡ ሰዎችም እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን ሠርተዋል። የቴቁሐ ታላላቆች ግን ለሥራው ትከሻቸውን መንፈጋቸው በዚያው ተመዝግቧል (3፡5)።

በምዕራፍ 5 ሥራው ከውስጥ ተፈተነ። በረሃብ ዘመን እርሻቸውንና ቤታቸውን በዋስትና ያስያዙ ድሆች፣ ልጆቻቸውን እስከ ባርነት አሳልፈው በመስጠታቸው አቤት አሉ። ነህምያም ባለጸጎችን ገሥጾ የወሰዱትን እንዲመልሱ አደረገ። የቅጥሩ ፍጻሜ የተተረከው ከዚህ በኋላ ነው (6፡15)። በውስጡ ግፍ ያለበት ኅብረት እንደማይጸና ከዚህ እንረዳለን።

2. ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ቅዱስ ጳውሎስ 6ኛ በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ሕዝቦች ዕድገት በጻፉት መልእክት፣ እውነተኛ ዕድገት ሰውን ሁሉና የሰውን ሁለንተና የሚመለከት መሆኑን አስተምረዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1987 ባወጡት ማኅበራዊ መልእክት በአንድ አካባቢ የሚገኙ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች እርስ በርሳቸው እንዲተባበሩ አሳስበዋል። መደጋገፍ ሲባልም ፈጥኖ የሚጠፋ የርኅራኄ ስሜት ሳይሆን፣ ለጋራ ጥቅም ለመትጋት የጸና ውሳኔ መሆኑን ገልጠዋል።

3. ከታሪክ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በ5 ዓመቱ፣ ግንቦት 9 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ካቶሊካዊው ሮበር ሹማን፣ አገራቸውና ትናንት ጠላቷ የነበረችው ጀርመን የድንጋይ ከሰልና የብረት ምርታቸውን በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር እንዲያደርጉ ሐሳብ አቀረቡ። ከሰልና ብረት የጦር መሣሪያ መሠረት ስለነበሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ በስውር መታጠቅ እንዲያዳግተው ታስቦ ነበር። በ1951 ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጂግ፣ ሆላንድና ሉክሰምበርግ ውሉን ፈረሙ። ቤተ ክርስቲያን በ2021 የሹማንን መንፈሳዊ ተጋድሎ መስክራለች። ልብ እንበል፤ ስድስቱ አገሮች የጀመሩት በሁሉም ነገር በመስማማት ሳይሆን፣ ሁሉም በሚፈልጉት በአንድ ነገር ነው።

በአገራችንም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ ሥራ የተቋቋመው የራስ አገዝ ማኅበር ይታወሳል። መንገዱ የሚያልፈው ልዩ ልዩ ቋንቋ በሚናገሩ ሕዝቦች መካከል ነው። መንገድ ደግሞ በአንዱ መንደር ተጀምሮ በጐረቤቱ ደጃፍ ቢቆም ለማንም አይጠቅምም።

4. ማጠቃለያ

እንግዲህ መልሳችን «አዎን፣ ይችላሉ» የሚል ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። ሥራው ለሁሉም የሚያስፈልግ አንድ የተወሰነ ነገር ይሁን። እያንዳንዱ ወገን እንደ ዐቅሙ ድርሻውን ይሸከም። ጥቅሙና ሒሳቡም በግልጽና በፍትሕ ይከፈል። የጋራ ሥራ ዕርቅን አይተካም፤ ሆኖም የተራራቁትን በአንድ ስፍራ ያገናኛል፣ ለዕርቅም በር ይከፍታል።

ለውይይት

ሀ. በቁምስናችንና በጐረቤታችን መካከል ማንም ብቻውን ሊፈታው የማይችለው ችግር የትኛው ነው?
ለ. ሥራው ቢጀመር፣ እንደ ቴቁሐ ታላላቆች ትከሻችንን የምንነፍገው በምን ምክንያት ይሆን?
ሐ. ከሥራው ጥቅም ሊቀሩ የሚችሉት ድሆች እነማን ናቸው? ድምፃቸውስ እንዴት ይሰማ?