አንድ ኪሎዋት ከአንድ ትራንዚስተር፦ ለአማተር ሬዲዮ ከፍተኛ ኃይል ያለው ማጉያ መሥራት ያዋጣልን?

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት አንድ ሺህ ዋት የሬዲዮ ኃይል ወደ አንቴናው መላክ የሚሻ የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚ ዋነኛ ምርጫው የቫኪዩም ቱቦ ነበር። ቱቦው እስከ 3,000 ቮልት የሚደርስ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ይህም አንድ ጊዜ በስሕተት ቢነካ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ዛሬ ግን ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ አንድ ትራንዚስተር በ50 ቮልት ብቻ ይህንኑ ተግባር ይፈጽማል። በመሆኑም ተማሪዎቻችን «እኛስ በቤተ ሙከራችን ልንሠራው አንችልምን?» ሲሉ ይጠይቁናል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በስሌት ለመመለስ እንሞክራለን።

ከአራት ወደ አንድ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሞቶሮላ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኢንጂነር ሄልጌ ግራንበርግ፣ ኤምአርኤፍ150 የተባሉትን አራት ትራንዚስተሮች በማቀናጀት 600 ዋት ማግኘት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። እያንዳንዱ ትራንዚስተር 150 ዋት ይሰጥ ስለነበር ብዛታቸው የግድ ነበር። ከዚያ በኋላ ኤልዲሞስ የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት እየዳበረ መጣ። ለምሳሌ ቢኤልኤፍ188ኤክስአር እስከ 1,400 ዋት፣ ኤምአርኤፍ1ኬ50ኤች ደግሞ እስከ 1,500 ዋት እንዲሰጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ሽፋን ውስጥ ሁለት ትራንዚስተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ በተራ ይሠራሉ። የኃይል ማጉላት መጠናቸውም ከ20 ዴሲቤል በላይ በመሆኑ 1,000 ዋት ለማግኘት በመግቢያቸው 10 ዋት እንኳ ይበቃቸዋል።

ጭነቱ ስንት ኦም ይሁን?

ሁለቱ ትራንዚስተሮች ተራ በተራ ሲሠሩ በሁለቱ ድሬኖች መካከል ያለው የቮልቴጅ ጫፍ የምንጩን እጥፍ፣ ማለትም 100 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ኃይል የጫፍ ቮልቴጁ ካሬ ለጭነቱ እጥፍ ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ፣ 1,000 ዋት ለማግኘት ጭነቱ 5 ኦም መሆን አለበት። የአንቴናው ገመድ ግን 50 ኦም ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ለመሥራት የሚመቸው የ1 ለ 9 ትራንስፎርመር 50 ኦሙን ወደ 5.6 ኦም ያወርደዋል። በዚህ ጭነት 50 ቮልት 900 ዋት ይሰጣል፤ ምንጩን ወደ 53 ቮልት ከፍ ብናደርገው ግን በንድፈ ሐሳብ 1,010 ዋት ገደማ እናገኛለን። ብዙ ሠሪዎች ከቴሌኮም ጣቢያዎች የተወገዱ የ48 ቮልት ሬክቲፋየሮችን ገዝተው ቮልቴጃቸውን ጥቂት ከፍ በማድረግ የሚጠቀሙት ስለዚህ ነው።

እውነተኛው ባላንጣ ሙቀት ነው

የማጉያው ብቃት 65 በመቶ ነው እንበል። 1,000 ዋት ለማውጣት 1,540 ዋት ገደማ ማስገባት አለብን፤ ፍሰቱም ወደ 30 አምፔር ይሆናል። ይህ ከአንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ፍጆታ ያነሰ ስለሆነ አያስደነግጥም። የሚያሳስበው የቀረው 540 ዋት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከጣት ጥፍር ጋር ከሚቀራረብ የሲሊከን ስፋት ነው።

ሙቀቱ ከሲሊከኑ እስከ አየሩ ድረስ ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል። ለስሌታችን ከሲሊከኑ እስከ ሽፋኑ 0.12፣ ከሽፋኑ እስከ መዳብ ሰሌዳው 0.05፣ ከሰሌዳው በክንፋሙ አሉሚኒየም በኩል እስከ አየሩ 0.10 ዲግሪ በዋት የሙቀት መከላከል እንዳለ እንውሰድ። ድምሩ 0.27 ነው። በ540 ዋት ሲባዛ 146 ዲግሪ ይሆናል። የክፍሉን 30 ዲግሪ ስንጨምርበት የሲሊከኑ ሙቀት 176 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ለእነዚህ ትራንዚስተሮች የተፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 225 ዲግሪ ስለሆነ ትራንዚስተሩ ይተርፋል።

አሁን አንቴናው በሚገባ ባለመስተካከሉ ብቃቱ ወደ 50 በመቶ ወረደ እንበል። ብቃቱ የቀነሰው በ15 ነጥብ ብቻ ነው፤ የሚባክነው ሙቀት ግን ከ540 ወደ 1,000 ዋት ያሻቅባል። የሲሊከኑ ሙቀትም 270 ሲደመር 30፣ ማለትም 300 ዲግሪ ይሆናል። ዋጋው ከመቶ የአሜሪካ ዶላር በላይ የሆነ ትራንዚስተር በቅጽበት ጠፋ ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ትራንዚስተሩን በመዳብ ሰሌዳ ላይ በብየዳ የሚያጣብቁትም ለዚሁ ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ የምትጨመር 0.05 ዲግሪ በዋት ብቻ ሲሊከኑን በ27 ዲግሪ ታሞቀዋለች።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያነሰ ነው። 540 ዋትን የሚያጥበው አየር በ15 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ብንፈልግ፣ በባሕር ወለል በሰከንድ 30 ሊትር ሲበቃን በአዲስ አበባ 37 ሊትር ገደማ ያስፈልገናል። በውጭ አገር የተነደፈን ማጉያ እንዳለ የሚቀዳ ሰው ማራገቢያውን ከፍ ማድረግ አለበት።

የማይፈለገውን ሞገድ ማጣራት

ተራ በተራ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ሌሎቹን ሙሉ ተጋማሽ ሃርሞኒኮች በአብዛኛው ያጠፋሉ። ሦስተኛው ግን ይቀራል። በ7 ሜጋኸርዝ ስንናገር በ21 ሜጋኸርዝም ጎረቤት እንረብሻለን ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከ30 ሜጋኸርዝ በታች የሚሠራ የአማተር አስተላላፊ እንዲህ ያለውን ሞገድ ከዋናው ቢያንስ 43 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ለየሞገድ ክልሉ የተለየ ማጣሪያና መቀያየሪያ ሬሌ ያስፈልጋል። ማጣሪያዎቹ ከማጉያው ሰሌዳ የበለጠ ቦታና ድካም ሊጠይቁ ይችላሉ።

የጥበቃ ወረዳ

የቱቦ አኖድ ከባድ ብረት ስለሆነ ለጥቂት ሰከንዶች የሚደርስበትን በደል ይታገሣል። ሲሊከን ግን ክብደቱ ኢምንት ነውና በሚሊሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ የሰው እጅ ማብሪያውን እስኪያጠፋ አይጠብቅም። ስለሆነም ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል፣ ፍሰቱን፣ ሙቀቱንና የመግቢያውን ኃይል የሚከታተልና ራሱ የሚያቋርጥ ወረዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኖር አለበት። በተጨማሪም 50 ቮልት ነው ብለን አንዘናጋ፤ 1,000 ዋት በ50 ኦም ላይ የ316 ቮልት ጫፍ አለውና በመውጫው በኩል ሥጋን ያቃጥላል።

ታዲያ ያዋጣልን?

ከ100 ወደ 1,000 ዋት መውጣት 10 ዴሲቤል ነው። በመቀበያው መለኪያ አንድ የኤስ ደረጃ በተለምዶ 6 ዴሲቤል ስለሆነ፣ ትርፉ ሁለት ደረጃ እንኳ አይሞላም። ሦስት ዘንግ ያለው የያጊ አንቴና ከተራ ዲፖል 5 ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል፤ ያውም ስንሰማም ስንናገርም ይጠቅመናል። ስለዚህ ዓላማው ሩቅ መሰማት ብቻ ከሆነ ገንዘቡ በቅድሚያ ለአንቴና ይዋል እንላለን።

ዓላማው መማር ከሆነ ግን መልሳችን «አዎን፣ በደረጃ» ነው። በመጀመሪያ ርካሽ በሆኑ ትራንዚስተሮች የ100 ዋት ማጉያ ተሠርቶ፣ አንቴና ሳይሆን 50 ኦም የሙከራ ጭነት ተገጥሞለት ይለካ። የጥበቃው ወረዳና ማጣሪያዎቹ ሲረጋገጡ ወደ ኪሎዋቱ ይታለፍ። ወደ አየር ለመውጣት ፈቃድ ግዴታ ነው፤ የኃይል ጣሪያውም በፈቃዱ ይወሰናል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ 1,500 ዋት ነው። በአገራችን ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቀው የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ ለጀማሪዎች መልካም መነሻ ነው።

ለመለማመጃ

1. ከላይ በተሰጡት የሙቀት መከላከል መጠኖች፣ 1,000 ዋት እየወጣ የሲሊከኑ ሙቀት ልክ 225 ዲግሪ የሚደርሰው ብቃቱ ስንት በመቶ ሲሆን ነው? (መልስ፦ 58 በመቶ ገደማ)
2. የክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢሆን መልሱ እንዴት ይለወጣል?
3. የ1 ለ 9 ትራንስፎርመሩ በ1 ለ 4 ቢተካ፣ በ50 ቮልት የሚገኘው ከፍተኛ ኃይል ስንት ይሆናል? (መልስ፦ 400 ዋት)